ካዝናውን ግራሶ የቀባሁ ጊዜ

እኔ ፈሪ ነኝ። ትሑት ለመምሰል ብዬ አይደለም የምናገረው፤ እናቴም ታውቀዋለች፣ የሰፈራችን ውሾችም ያውቁታል። «ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል» የሚለው ተረት በተነሣ ቁጥር ቤተሰቦቼ ዘወር ብለው የሚያዩት ወደ እኔ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ጠመንጃ ይዞ ዘብ ቆመ ሲባል መሳቅ የፈለገ መብቱ ነው። ግን ዲፕሎማዬን በፌስታል ይዤ ሁለት ዓመት ስዞር ከርሜ ምንም ስላጣሁ፣ ቡራዩ ዳር ያለ አንድ የድንጋይ መፍጫ ጥበቃ ይፈልጋል ሲሉኝ ሮጥኩ። ልብ የሚለካ ፎርም ስላልነበራቸው ቁመቴን ብቻ አይተው በዚያው ሳምንት ቀጠሩኝ።

ክሬሸር ነው የምንለው። ከአምቦ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ኮረብታው ተገምሶ ባለቀበት ሜዳ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ሲያደቅ ይውላል፤ አቧራው ጣሪያው ላይ፣ ባህር ዛፉ ላይ፣ ሽፋሽፍታችን ላይ ያርፋል። ምሳችን ራሱ ጥርስ ላይ ይንቀጫቀጭ ነበር። ጥበቃዎቹ ሁለት ነን፤ ቀን እኔ፣ ማታ አሥር አለቃ። ስማቸውን የሚጠራ አልነበረም፤ ከውትድርና ይዘውት በወጡት ማዕረግ ከሥራ አስኪያጁ እስከ ምሳ ሻጯ ድረስ ሁሉም አሥር አለቃ ነው የሚላቸው። ስድሳን ያለፉ ቀጭን ሰው ናቸው። ቤታቸው ሰበታ መንገድ ላይ፣ ዓለም ገና ነው፤ ከዚያ ተነሥተው ከተማውን አቋርጠው፣ ታክሲ ቀያይረው ቡራዩ ድረስ ይመጣሉ። አንድም ቀን አርፍደው አያውቁም። ተከራይቼ የምኖርበት ቤት ከክሬሸሩ የዐሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ የማረፍደው እኔ ነበርኩ።

ጠመንጃችን አንድ ነው፣ ካዝናውም አንድ። ድርጅቱ ሱሉልታ ካለው ሌላ ሥራው አዛውሮ ያመጣው አሮጌ መሣሪያ ነው። እንደ ዝናብ የሚያርከፈክፍ ዓይነት አይደለም፤ ቃታው በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ብቻ ይተኩሳል፣ ከዚያ ቀለሁን ራሱ ይተፋና ቀጣዩን ራሱ ያጎርሳል። ካዝና የምንላት ከሆዱ ሥር የምትገባውን የብረት ሳጥን ነው። ዐሥር ጥይት ተደራርቦ ይገባባታል፤ ከሥር ያለው ሞላ ወደ ላይ ይገፋቸዋል። የላይኛው ጥይት ሲሄድ ሁለተኛው ቶሎ ብሎ ቦታውን ካልያዘ፣ የሚያጎርሰው ብረት በላዩ ላይ አልፎ ባዶ ቤት ይዘጋል። «ነከሰ» የሚሉት አንዱ ይህ ነው። ይህን ሁሉ ያስረዱኝ አሥር አለቃ ናቸው፤ ስንቀጠር በሰጡን የሦስት ቀን ሥልጠና ላይ ያሳዩን ሰላምታ አሰጣጥና ሪፖርት አጻጻፍ ነበር።

ርክክባችን ሥርዓት ነበረው። ጠዋትና ማታ በዐሥራ ሁለት ሰዓት ወጪው ዘብ ካዝናውን ይነቅላል፤ ጥይቶቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ እየገፋ አውጥቶ ጨርቅ ላይ ይደረድራል፤ ገቢው ይቆጥራል፣ በገዛ እጁ መልሶ ይሞላል፣ መዝገቡ ላይ ይፈርማል።

«እስክትፈርም ድረስ እኔ ላይ ነው» ይሉኝ ነበር አሥር አለቃ። «ከፈረምክ በኋላ አንተ ላይ ነው። መሃል የሚባል ቦታ የለም፣ ልጄ።»

ሌላም ደንብ ነበር፤ ይኼኛው በድርጅቱ ማኅተም ግድግዳችን ላይ የተለጠፈ ነው። መተኮስ ግድ ከሆነ የመጀመሪያው ጥይት ወደ ሰማይ፣ ለማስጠንቀቂያ። ወረቀቱን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አላውቅም፤ ያን ሰሞን ቁጭ ብሎ የሚነበብ ሌላ ነገር አልነበረኝም።

ካዝናው ጎኑ ላይ ምት ነበረበት። ከሱሉልታ ሲመጣ ይሁን ከዚያ በፊት እንጃ፣ ብረቱ ወደ ውስጥ ጎድጎድ ብሏል። ጥይቶቹን ስሞላ እዚያ ቦታ ላይ ሲደርሱ እያንዳንዳቸው ይፋቁ ነበር፤ ስናወጣቸው ቀለሃቸው ላይ ቀጭን ጭረት አያለሁ። የዚያ ሰሞን ወሬ ለፈሪ የሚሆን አልነበረም፤ እዚህ ጥበቃ ተደብድቦ መሣሪያ ተወሰደ፣ እዚያ እንዲህ ሆነ ይባላል፤ ግማሹ ውሸት ይሁን እንጂ ግማሹ እውነት መሆኑ በቂ ነው። እና እኔ ሁልጊዜ የሚታየኝ አንድ ነገር ነው። ሰዎች ይመጣሉ፣ ቃታ እስባለሁ፣ ጥይቱ እዚያች ጎድጓዳ ላይ ተይዞ ይቀራል።

ትምህርት ቤት ሰበቃ የሚባል ነገር ተምረናል። ሁለት ነገር ሲፋተግ ይያያዛል፣ ቅባት ሲገባበት ይላላል። ለፈተና ሸምድጄው ከፈተና በኋላ የጣልኩት ትምህርት ክረምቱ እንደወጣ ትዝ አለኝ። አንድ ከሰዓት በኋላ የመፍጫውን ኩሽኔታና ሰንሰለት ከሚቀቡበት ጣሳ ግራሶ በጣቴ ዛቅ አድርጌ፣ የካዝናውን የውስጥ ግድግዳ ጣቴ እስከደረሰበት ድረስ ለቀለቅሁት። ማንንም አልጠየቅሁም። በሚቀጥለው ርክክብ ጥይቶቹ እየተንሸራተቱ ወጡ።

«ዛሬ ደግሞ ምን አገኘው? ቅቤ ሆነ እኮ!» አሉ አሥር አለቃ።

ፈገግ አልኩ። ብልሃቴን እንደ ሽልማት ለራሴ ይዤው መቆየት አማረኝ። ያኔ ብነግራቸው ኖሮ አንድ ቁጣና አንድ ጨርቅ ይበቃ ነበር።

ግራሶ አቧራ ይወዳል። ይህን ያወቅሁት ከወር በኋላ ነው። ዝናቡ ቆሞ ነፋሱ ሲነሣ ክሬሸሩ እንደ ዱቄት ወፍጮ ጭሱን ይለቅብን ጀመር፤ ዱቄቱ በካዝናው አፍ ገብቶ ቅባቱ ላይ ተጣበቀ፤ ቅባቱ ሊጥ ሆነ። አንድ ማታ ለርክክብ ሳወጣ ሁለት ጥይት ወጣ፣ ሦስተኛው አልመጣም። አፉን ሳየው ጥይቱ ወደ ታች ጠልቆ ቆሟል። ሞላው ይገፋዋል፣ ግድግዳው ይይዘዋል። ካዝናውን ታፋዬ ላይ መታ ሳደርገው ጥይቱ ጠብ ብሎ ወደ ላይ መጣ።

«ምን ትገርፈዋለህ?» ብለው ሳቁ አሥር አለቃ።

«አቧራው ነው» አልኩ። ውሸት እንኳ አልነበረም።

በማግስቱ በናፍጣ በነከርኩት ጨርቅ ልጠርገው ሞከርኩ፤ ጣት የሚደርሰው እስከ አፉ ነው፣ ሊጡ ያለው ከታች ነው። የግርጌውን ክዳን ለመክፈት ደግሞ የጥበቃ ኃላፊው ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እሱ በወር አንዴ ነው ከሱሉልታ የሚመጣው። መሣሪያ ያበላሸ ይባረራል የሚለው ቃል ከአፉ ተለይቶ አያውቅም። ወደ እናቴ ቤት ተመልሼ ፌስታሌን ይዤ ስዞር ታየኝ። ስለዚህ ዝም አልኩ።

ግን የአሥር አለቃ እጅ አለ። እሳቸው ጠዋት ጥይት ሲያወጡ ያንን መያዝ በአንድ ጣት ነው የሚያውቁት፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከብረት ጋር የኖሩ ሰው ናቸው። እናም አንድ ጠዋት ካዝናውን ከእጃቸው ወሰድኩ።

«አንቱ ይረፉ፤ ሌሊቱን ቆመው አድረዋል፤ እኔ ላውጣልዎት።»

«ደንቡ ወጪው ያውጣ ነው የሚለው።»

«ልጅዎ ቁጭ ብሎ አንቱ ጥይት ሊገፉ ነው? ነውር እኮ ነው!»

ሳቁ። ሽማግሌን አሳርፋለሁ የሚልን ወጣት እምቢ ማለት ለእሳቸውም ነውር ነው፤ ደንቡ በነውሩ ተረታ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋትም ማታም እኔ አወጣለሁ፣ እኔ እሞላለሁ። ጠዋት ስሞላ፣ እሳቸው ለመሄድ ሲሰናዱ፣ ማንም ሳያየኝ ካዝናውን በመዳፌ ሁለት ጊዜ እመታለሁ፤ ማታ ደግሞ ተቀባዩ እሳቸው ቢሆኑም «ልሙላልዎት» ብዬ እዚያው እጨርሰዋለሁ፤ እያዩኝ ግን መምታት አልችልም። ምሳ ሻጯ ይህን እያየች «እንዳንተ ያለ ልጅ ዛሬ የት ይገኛል» ትለኝ ነበር። ጆሮዬ እስኪግል ድረስ እሰማታለሁ።

አንድ ወር ገደማ እንዲህ ኖርኩ። ከዚያ በፊት ፍርሃትን አውቃለሁ ብዬ አስብ ነበር፤ አላውቅም ነበር። ቤቴ ተቀምጬ አስፋልቱ ላይ የመኪና ጎማ ሲፈነዳ ከሰማሁ «አንድ» ብዬ ሁለተኛውን እጠብቃለሁ። የሚተኩሱት እሳቸው ከሆኑ ሁለተኛው አይመጣም። ደግሞ ያ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ወረቀት አለ። በእርግጠኝነት የሚተኮሰው አንድ ጥይት ብቻ ነው፤ ደንቡ ደግሞ ያንን አንዱን ለሰማይ ስጥ ይላል። አሥር አለቃ ደንብ አይስቱም። ይህን ሳሰላው ምግብ አይዘልቀኝም ነበር። ጠዋት ስመጣ በሩ ላይ ቆመው «አካም ቡልቴ?»፣ እንዴት አደርክ፣ ሲሉኝ ነው ነፍሴ የምትመለሰው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። ግን ሌባ አልነበረም የደረሰው።

ያን ቀን እንደ ልማዴ አርፍጄ ደረስኩ። ተማሪዎች ወደ ትምህርት ቤት የሚያልፉበት ሰዓት ሆኗል። አሥር አለቃ ካዝናውን ነቅለው ጨርቁን ዘርግተው ተቀምጠዋል።

«ላውጣው ብዬ ነበር» አሉ፤ «ከዚያ ያ ልጅ ይቆጣኛል ብዬ ተውኩት። አስለመድከኝ።»

ይቅርታ እየጠየቅሁ በጥድፊያ አወጣሁ፤ ቆጠርን፤ በጥድፊያ ሞላሁ። በመዳፌ አልመታሁትም። ካዝናውን ቦታው ላይ አስገብቼ ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ አስተኛሁት፣ እስክሪብቶ አነሣሁ። መዝገቡ ተከፍቶ ፊቴ ነበር።

«ሳሬ መራቴ!» የሚል ጩኸት ከመንገዱ መጣ። ተከትሎ ሌላ ድምፅ፣ «ያበደ ውሻ! ልጆቹን! ልጆቹን ያዙ!»

በመስኮቱ አየሁት። ቡናማ ውሻ ነው፤ አንገቱን ወደ አንድ ጎን ጥሎ፣ መንጋጋው ተከፍቶ ለሃጩ እየተንጠባጠበ፣ ማንንም ሳያይ ቀጥ ብሎ ይመጣል። አንዲት የማላውቃት ሴት ነጠላዋን ጥላ ስትሮጥ አለፈች። በእሱና በእኛ በር መሃል አምስት ስድስት ተማሪዎች አጥሩን ተደግፈው ደርቀዋል።

አሥር አለቃ ተነሡ። «ፈረምክ?»

«አልፈረምኩም።»

«እንግዲያው እኔ ላይ ነው» ብለው ጠመንጃውን አነሡ።

እስክሪብቶው በእጄ ነበር። አንድ ጊዜ ጫር ማድረግ ነው የሚፈጀው፤ ጫር ባደርግ መሣሪያው የእኔ ነው፣ የምወጣው እኔ ነኝ። ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ግን ያኔ የተሰማኝ እፎይታ ነው። አልፈረምኩም ብዬ ደስ አለኝ።

ተከትያቸው እስከ በሩ ወጣሁ። አቀባብለው ሃያ እርምጃ ያህል ሄዱ። «ኮታ! ኮታ! ኑ ወደዚህ!» እያሉ ልጆቹን ጠሩ፤ ልጆቹ አልተነቃነቁም። ያኔ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አቅንተው ተኮሱ። በጩኸቱ ልጆቹ ነቁና ወደ በሩ ሮጡ፤ እየጎተትኩ ወደ ውስጥ አስገባኋቸው። ደንቡ ጥሩ ደንብ ነበር። ልጆቹን ያዳነው እሱ ነው።

ውሻው በድምፁ ቆመ፤ ከዚያ ፊቱን ወደ እሳቸው አዞረ። አሥር አለቃ ዝቅ አድርገው አነጣጠሩ። ቃታውን ሳቡት።

ቀጭ አለ። ከበሩ ላይ ሆኜ ሰማሁት። ስበው አቀባበሉ፣ ብረቱ ሄዶ ተመለሰ፣ ሳቡት፣ ቀጭ። ጠመንጃውን ዘወር አድርገው አዩት፤ ፊታቸው ላይ ያየሁት ድንጋጤ አልነበረም፣ ግራ መጋባት ነበር። እኔ መድኃኒቱን አውቃለሁ። «በመዳፍዎ ይምቱት» ማለት ብቻ ነው፤ ሁለት ቃል። ግን ያን ማለት አውቅ ነበር ማለት ነው። ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ባለው ጊዜ ይህ ሐሳብ አለፈብኝ። አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ አልወጣም። በፍርሃት ይሁን በተንኮል እስከ ዛሬ ለራሴ መመለስ አልቻልኩም።

ውሻው ዘለለ። ጠመንጃውን አግድም ይዘው መከቱት፤ በላዩ ላይ አልፎ ቀኝ እጃቸውን ያዘ። የሎደሩ ሾፌር ድጅኖ ይዞ ደርሶ ነው የገላገላቸው።

ምሳ ሻጯ ሳሙናና ጀሪካን ይዛ መጣች። ከእኛ ሁሉ ያወቀችው እሷ ናት፤ «እጠቡት፣ ደግማችሁ እጠቡት፣ አሁንም እጠቡት» እያለች እጃቸው እስኪነጣ አሳጠበችን። አሥር አለቃ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ውሃው ሲወርድ ያያሉ።

«ሂን ሶዳቲን» አሉኝ፤ አትፍራ ማለታቸው ነው።

በማግስቱ የጥበቃ ኃላፊው ከሱሉልታ መጣ። እጃቸው በፋሻ ተጠቅልሎ አሥር አለቃም መጡ። ኃላፊው ፊታችን የካዝናውን ግርጌ ከፈተ፤ ሞላው በጥቁር ጭቃ ተለውሶ ወጣ፤ ጠረጴዛው ላይ ሲጥለው እንኳ አልተዘረጋም።

«ይሄን ማነው የጋገረው?» አለ። «ካዝና ደረቅ ነው የሚያዘው! ዘይት ስታፈስበት አቧራውን ና ግባ ማለት እኮ ነው!»

ወደ እኔ አየ። ወደ ጫማዬ አየሁ።

«መሣሪያው እኔ ላይ ነበር» አሉ አሥር አለቃ።

«እርስዎ ነዎት የቀቡት?»

«አልቀባሁም። ግን አልተፈረመም ነበር፤ እኔ ላይ ነው። ሳልመረምረው መያዜ ጥፋቴ ነው።»

ማንንም ለመሸፈን ብለው አልነበረም። እንዲያው ደንቡ እንደዚያ ስለሆነ ነው። ኃላፊው ከሥራ አገዳቸው፤ ሌላ የቀን ዘብ ተቀጠረ፣ እኔ ወደ ማታ ተዛወርኩ። አፌን አልከፈትኩም።

ሐኪሞቹ በየቀኑ ሆድ ላይ የሚወጋ መርፌ አዘዙላቸው፣ ከተማ ድረስ እየተመላለሱ። ሁለት ሳምንት። ከዘብ ስወጣ በቀጥታ ሄጄ ታክሲ መያዣው ላይ እጠብቃቸዋለሁ፣ አብረን እንሄዳለን፣ እስከ ዓለም ገና እሸኛቸዋለሁ። ሰው ሁሉ አመሰገነኝ። እኔ የምሄደው ግን ላያቸው ነበር። የእብድ ውሻ በሽታ የያዘው ሰው ውሃ ይፈራል፤ ብርጭቆ ሲያይ ጉሮሮው ይዘጋል፤ ያ ከመጣ በኋላ መመለሻ የለውም። ስለዚህ በየቀኑ ውሃ እገዛላቸዋለሁ፣ ሲጠጡ ጉሮሯቸውን አያለሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ ሲውጡ እቆጥራለሁ። «ቢሻን ፊዲ» ብለው ራሳቸው ውሃ የጠየቁ ቀን ሱቁ ድረስ እየሮጥኩ ነው የምሄደው።

አንድ ረቡዕ ውሃውን ስሰጣቸው በእጃቸው ጀርባ ገፋ አደረጉት።

«ይቅርብኝ።»

«ትንሽ ብቻ፣ አሥር አለቃ።»

«ይቅርብኝ አልኩህ እኮ!» ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ታክሲው ውስጥ አጠገባቸው ሆኜ ተመለከትኳቸው። ከንፈራቸው ደርቋል። ምራቃቸውን ሲውጡ አልሰማሁም። ዓለም ገና ስንደርስ ልመለስ አልቻልኩም፤ ሰበብ ፈጥሬ ቤታቸው ገባሁ፣ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። ባለቤታቸው ምን ሆነሃል ቢሉኝ ራሴን አመመኝ አልኩ። ሰዓቱ አልሄድ አለ። ሲሞቱ አየኋቸው፤ ሲቀበሩ አየኋቸው፤ ለቀስተኛው «ይህ ልጅ እስከ መጨረሻው አልተለያቸውም» ሲልልኝ ሰማሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አሥር አለቃ ከውስጥ ወጥተው አማተቡ፤ ገንቦውን አዘንብለው አንድ ጣሳ ሙሉ ውሃ በአንድ ትንፋሽ ጨለጡ። የነቢያት ጾም የገባው በዚያ ቀን ነበር። እሳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አይቀምሱም።

ያኔ ነው ያለቀስኩት። ከግቢው ወጥቼ፣ የባጃጆቹ መቆሚያ አጠገብ ግድግዳ ላይ ተደግፌ፣ ሰው እያየኝ።

የሁለት ሳምንቱ መርፌ ያለቀ ቀን አብሬያቸው ዓለም ገና ሄድኩ። ደጃፉ ላይ በርጩማ አወጡልኝ። ባለቤታቸው ውስጥ ምሳ እያቀራረቡ ነበር። አሥር አለቃ ፋሻውን ፈትተው እጃቸውን ለፀሐይ ሰጥተዋል፤ አውራ ጣቱ አይታጠፍም። ሐኪሙ እንደዚሁ ይቀራል ብሏቸዋል።

«አሥር አለቃ» አልኩ። «ግራሶውን የቀባሁት እኔ ነኝ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ከሱሉልታ እንደዚያ ሆኖ የመጣ ነበር የመሰለኝ» አሉ። ድምፃቸው አልተለወጠም። «መቼ?»

«ክረምቱ እንደወጣ። እንዲላላ ብዬ ነው። ያቺ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ስለሚይዝ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ምልምል ሳለሁ እኔም አድርጌዋለሁ። አሸዋ ላይ ሆነን ዘይት አጠጣሁት። አለቃዬ አንድ ቀን ሙሉ በጉልበቴ አስኬደኝ።» ትንሽ ሳቁ። እኔም ልስቅ ምንም አልቀረኝ፤ ይኸው ነው ማለት ነው? ብዬ አሰብኩ። ለዚህ ነው ያ ሁሉ ሲፈራ የከረመው?

ከዚያ ሳቃቸው ቆመ።

«መያዝ እንደጀመረ መቼ አወቅህ?»

የበርጩማውን ጠርዝ በጣቴ ፋቅሁ።

«'አንቱ ይረፉ' ያልከኝ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ከዚያ በፊት ነው፣ ከዚያ በኋላ?»

«በኋላ» አልኩ።

ያንን የማይታጠፍ ጣት በሌላው እጃቸው ይዘው ነበር። እንዲቆጡኝ፣ እንዲሰድቡኝ፣ በርጩማውን አንሥተው እንዲወረውሩብኝ ፈለግሁ።

«ግራሶው ስሕተት ነው» አሉ በመጨረሻ። «ለባለቤቴ ግን፣ አንድ የተባረከ ልጅ አለ፣ እጄን ያሳርፈኛል፣ ወልጄ እንኳ እንደዚያ ያለ አላገኘሁም እያልኩ ነበር የምነግራት። በየቀኑ።»

ይህን እየተናገሩ ባለቤታቸው እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ ወጡ። ከዕድሜያቸው ጎንበስ ያሉ ሴት ናቸው። አጠገቤ መጥተው ሁለት እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ ጫኑ። ቀና ብዬ አሥር አለቃን አየሁ፤ አሁን ይነግሯቸዋል አልኩ በልቤ። እሳቸው ግድግዳውን ያያሉ።

«የአብራኬ ክፋይ ያላደረገውን ነው ያደረግህልን» አሉ ሴትየዋ። «በየቀኑ ይዘኸው ሄደህ በየቀኑ ይዘኸው መጣህ። ክፉ አይንካህ። ወልደህ ሳም። ሽማግሌ እንዳከበርክ ልጆችህ ያክብሩህ!»

አንገቴን ደፋሁ። እጆቻቸው ጭንቅላቴ ላይ እንደተጫኑ ናቸው፤ መልስ ይጠብቃሉ።

«አሜን በል» አሉኝ አሥር አለቃ፣ ወደ እኔ ሳያዩ።

አሜን አልኩ።